የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ደኅንነት ለተከራይ ጥንቃቄ ብቻ የሚተው አይደለም

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ ውስጥ በሚገኝ አንድ የኪራይ ሕንፃ የተነሣ እሳት የ17 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፤ ከእነዚህም 8ቱ ሕፃናት ነበሩ። የእሳቱ መነሻ ብልሽት የገጠመው ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንደነበር የከተማዋ የእሳት አደጋ መከላከያ ባለሥልጣናት አስታውቀዋል። ነበልባሉ ከተነሣበት ቤትና ከፊቱ ካለው መተላለፊያ ብዙም አልራቀም። በራሳቸው መዘጋት የነበረባቸው በሮች ክፍት በመቅረታቸው ግን ጭሱ በደረጃው በኩል ወደ ላይኞቹ ፎቆች ወጥቶ ነዋሪዎችን አፈነ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከጋምቢያ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በፌብሩዋሪ 2021፣ ቴክሳስን ያጠቃው ብርድ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን ባቋረጠ ጊዜ፣ በሂዩስተንና በአካባቢው በርካታ ቤተሰቦች ብርዱን በከሰል፣ በጄኔሬተርና በመኪና ሞተር ለመቋቋም ሞከሩ። በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ከሞቱት መካከል አንዲት ኢትዮጵያዊት እናትና ሴት ልጇ ይገኙበታል። በወቅቱ ቴክሳስ በመኖሪያ ቤቶች ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል እንዲገጠም የሚያስገድድ፣ በስቴት ደረጃ የወጣ ሕግ አልነበራትም።

ሁለቱ አደጋዎች በመነሻቸው ይለያያሉ። በብሮንክስ የሕንፃው ማሞቂያ ይሠራ እንደነበር ተነግሯል፤ በሂዩስተን ደግሞ መብራት ጠፍቶ ነበር። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ፦ በሁለቱም ስፍራ ሰዎች ከዋናው ማሞቂያ ያላገኙትን ሙቀት በሌላ ዘዴ ፈለጉ፤ ሕይወታቸውን ሊያተርፍ የሚችለው መከላከያም ወይ አልሠራም፣ ወይ ከናካቴው አልነበረም።

ዋናው ማሞቂያ ራሱም ከአደጋ ነፃ አይደለም። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ በቂ አየር ሲያጣ፣ የጭስ ማውጫው ሲዘጋ ወይም የእሳቱን ጋዝ ከቤቱ አየር የሚለየው የብረት ክፍል ሲሰነጠቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ መኖሪያው ይገባል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በአሜሪካ ከእሳት ቃጠሎ ጋር ባልተያያዘ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሳይታሰብ እንደሚሞቱ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይገልጻል። ኢትዮጵያውያን ይህን አደጋ «ከሰል አፈነው» በሚለው አነጋገር ከአገር ቤት ጀምሮ ያውቁታል። ያው ገዳይ ጋዝ ጭስ በማይታይበት የጋዝ ማሞቂያም በኩል ሊመጣ እንደሚችል ግን ብዙ ጊዜ አይነገራቸውም።

የማቀዝቀዣም ነገር ከዚህ አይለይም። በአሪዞና የማሪኮፓ ካውንቲ በ2023 ከሙቀት ጋር የተያያዙ 645 ሞቶችን መዝግቧል። ቤታቸው ውስጥ ከሞቱት የብዙዎቹ ማቀዝቀዣ ተገጥሞ የነበረ ቢሆንም አይሠራም ነበር።

ጥንቃቄ እስከ የት ያደርሳል?

በየክረምቱ መግቢያ የሚሰራጨው ምክር በአብዛኛው ለነዋሪው የተጻፈ ነው፤ ትክክልም ነው። ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ ቢያንስ 3 ጫማ ያህል ይራቅ፤ በኤክስቴንሽን ሳይሆን በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ይሰካ፤ ሲተኙም ይጥፋ። የምግብ ምድጃ ለቤት ማሞቂያነት አይዋል። የአየር ማጣሪያው በጊዜው ይቀየር፤ የማስጠንቀቂያው ደወል በየወሩ ይፈተሽ።

ይሁን እንጂ ተከራይ የማሞቂያውን ማቃጠያ ከፍቶ መመርመር፣ የጭስ ማውጫውን መጥረግ ወይም ስንጥቁን መለየት አይችልም። የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚነካ ባለሙያም በፌዴራል ሕግ መሠረት የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። እነዚህ ሥራዎች የሚከናወኑት በአከራዩ ፈቃድና ወጪ ነው። ሥልጣኑ በአንድ ወገን ሆኖ ጥንቃቄው ከሌላው ብቻ ሲጠበቅ አደጋውን መከላከል አይቻልም።

አሁን ያሉት ሕጎች በአብዛኛው የሚለኩት የሙቀት መጠንን ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አከራይ የሚቆጣጠረው ማሞቂያ በብርዱ ወራት ቀን 68፣ ሌሊት 65 ዲግሪ ፋራናይት መስጠት አለበት። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲም በ2020 ባወጣው ሕግ በርካታ የኪራይ ቤቶች ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከ80 ዲግሪ እንዳያልፉ የሚያደርግ ማቀዝቀዣ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ቤቱ 68 ዲግሪ መሞቁ የጭስ ማውጫው ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም። ከዚህም በላይ እንዲህ ያሉ ድንጋጌዎች ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀሱት ተከራዩ አቤት ሲል ነው። ኪራይ ይጨመርብኛል ብሎ የሚሰጋ፣ ወይም አቤቱታውን በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚቸግረው ሰው ዝም ይላል። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ይጠቅማል፤ ሆኖም የሚያስገድደው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንጂ አከራዮችን አይደለም።

በሥራ የተፈተነ አማራጭ

በብሪታንያ በ1998 የወጣው የጋዝ ደኅንነት ደንብ አቤቱታን አይጠብቅም። አከራይ በቤቱ ያሉትን የራሱን የጋዝ መሣሪያዎች በየ12 ወሩ በተመዘገበ ባለሙያ ማስመርመር፣ የምርመራውን መዝገብ ቅጂም በ28 ቀናት ውስጥ ለነባር ተከራይ መስጠት አለበት። አዲስ ተከራይ ደግሞ ከመግባቱ በፊት ይሰጠዋል። በዚህ አሠራር ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙ ከተከራዩ ወደ አከራዩ ይዞራል።

የስቴት፣ የካውንቲና የከተማ ምክር ቤቶች ይህንኑ መንገድ በመከተል አራት ነገሮችን ሊደነግጉ ይገባል፦

1. በኪራይ ቤቶች ያሉ ነዳጅ የሚያቃጥሉ ማሞቂያዎችና የውሃ ማሞቂያዎች ብርዱ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ይመርመሩ፤ ማቀዝቀዣዎችም ሙቀቱ ከመጀመሩ በፊት እንዲሁ።
2. የምርመራው ውጤት ተከራዩ በሚያነበው ቋንቋ ይሰጠው።
3. በመኝታ ክፍሎች አቅራቢያ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል፣ በጋራ ሕንፃዎችም በራሳቸው የሚዘጉ በሮች በዚሁ ምርመራ ይፈተሹ።
4. ማሞቂያው ለአደጋ የሚያጋልጥ ሆኖ ሲገኝ፣ ጥገናው እስኪጠናቀቅ አከራዩ ደኅንነቱ የተጠበቀ ጊዜያዊ ማሞቂያ ወይም ማረፊያ ያቅርብ።

ወጪው መጨረሻ ላይ በኪራይ ላይ ይታከላል የሚለው ስጋት መልስ ይሻል። በተለይ ቤዝመንታቸውን አከራይተው የቤት ዕዳቸውን የሚከፍሉ አነስተኛ አከራዮች አሉ፤ ከማኅበረሰባችንም ብዙዎች ይህን ያደርጋሉ። እነርሱን ከሕጉ ማውጣት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ የጋዝ ማሞቂያውና የውሃ ማሞቂያው ብዙ ጊዜ የሚተከሉት እዚያው ቤዝመንት ውስጥ፣ ከተከራዩ አልጋ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነውና። የሚሻለው ለአነስተኛ አከራዮች የምርመራውን ወጪ የሚጋራ የሕዝብ በጀት መመደብ ነው። በ2022 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ድንጋጌ ነዳጅ የሚያቃጥል መሣሪያ ባላቸው፣ በመንግሥት በሚደገፉ የኪራይ ቤቶች ደወሉን አስገዳጅ አድርጎታል። ከዚያ ውጪ ያለው ተከራይ ያነሰ ጥበቃ የሚገባው አይደለም።

የምክር ቤት ረዳቶች የሚያረቁት ሕግ በመጪው ክረምት ሰው እንዲያተርፍ ከተፈለገ ሥራው መጀመር ያለበት ቤቶቹ ሳይቀዘቅዙ ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ የማሞቂያ ምርመራ ጊዜው ከብርዱ በፊት እንጂ ከአደጋው በኋላ አይደለም።