ክፍያው ለደኑ ነው ወይስ ለአውቶሞቢል ማቆሚያው?

የመንግሥት ደን የሕዝብ ንብረት ነው ይባላል። ታዲያ ባለንብረቱ ወደ ገዛ ደኑ ሲገባ ገንዘብ ክፈል የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው? በአሜሪካ አገር ይህ ጥያቄ በተለይ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሲያከራክር ቈይቷል። በዚያ ዓመት ኮንግሬሱ የመንግሥት መሬት የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች ለሙከራ ያህል ከጎብኚዎች ገንዘብ እንዲሰበስቡ ፈቀደላቸው። በ2004 ዓ.ም. ሙከራው በሌላ ሕግ ተተካ፤ የሕጉም ዘመን እየተራዘመ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በሲያትል ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ፥ ከእነርሱም በዕረፍት ቀናቸው ወደ ተራራው የሚወጡ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ስላሉ፥ ነገሩን በዚያው ስፍራ ምሳሌ እንመለከተዋለን።

ከሲያትል ተነሥቶ በ90 ቍጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፥ አንድ ሰዓት ያህል በሚፈጅ መንገድ ውስጥ ሦስት ጌቶች ያጋጥሙታል። ራትልስኔክ ሌጅ ወደሚባለው ገደል የሚወጣበት ስፍራ የሚተዳደረው በሲያትል ከተማ ነው፤ በዚያ ምንም አይከፈልም። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የማውንት ሳይ ተራራ መንገድ የዋሽንግተን ስቴት ይዞታ ስለሆነ አውቶሞቢል ለማቆም «ዲስከቨር ፓስ» የተባለው የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወደ ላይ ከፍ ሲባል ደግሞ ወደ ስኖው ሌክ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ መነሻ በፌዴራሉ የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት እጅ ነውና «ኖርዝዌስት ፎረስት ፓስ» ይጠየቅበታል። ጥዱ ያው ጥድ፥ ዝናሙም ያው ዝናም ነው፤ ባለቤቱ ግን ተለዋውጧል። ነገሩን የማያውቅ እንግዳ የአንዱን ጌታ ወረቀት ይገዛና በሌላው ጌታ ግቢ አውቶሞቢሉን ያቆማል፤ ከተራራው ሲመለስም የቅጣት ወረቀት ይጠብቀዋል። እንግዲህ ዋጋው ስንት ነው ከማለት በፊት መሬቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የደን አገልግሎቱ ይለፍ ለአንድ ቀን 5፥ ለዓመት 30 ዶላር ሲሆን በዋሽንግተንና በኦሬገን የፌዴራል ደኖች ያገለግላል። በዓመት ስድስት ቀን የማይሄድ ሰው እንግዲህ የዓመቱን መግዛት አይጠቅመውም። 30 ዶላር የነበረው የስቴቱ ዓመታዊ ወረቀት ከኦክቶበር 2025 ዓ.ም. ጀምሮ 45 ሆኗል፤ ሆኖም አንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይህንኑ ወረቀት እንደ መጽሐፍ ያውሱታልና ተማሪዎች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው። የአገሪቱ ነዋሪ በ80 ዶላር የሚገዛው አጠቃላይ የፌዴራል ይለፍ ደግሞ በደኖቹም በብሔራዊ ፓርኮቹም ይሠራል። የሬይኒየር ተራራ ፓርክ ለአንድ አውቶሞቢል 30 ዶላር ያስከፍላል፤ በልዩ ልዩ ወራት ሁለት ጊዜ እዚያ ለሚሄድና የደኑንም ይለፍ ለሚፈልግ ሰው ድምሩ 90 ስለሚሆን የ80ው ይሻለዋል። በስቴቱ መሬት ላይ ግን የ80ውም አያገለግልም። ከጃንዋሪ 2026 ዓ.ም. ወዲህ የአሜሪካ ነዋሪ ላልሆነ ሰው ይኸው ዓመታዊ ይለፍ 250 ዶላር ነው፤ ዘመድ ለመጠየቅ የሄደ ሰው ሳያስብ እንዳይገዛው እናሳስባለን።

62 ዓመት የሞላቸው ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ለዓመት በ20፥ ለዕድሜ ልክ በ80 ዶላር ይለፍ ያገኛሉ። በአውቶሞቢል በሚከፈልበት ስፍራ ባለይለፉ አብረው ካሉ የተሳፈሩትም ሁሉ ያልፋሉ። እናቱን አስከትሎ የሚሄድ ልጅ እንግዲህ ምርቃትም ቅናሽም ያገኛል ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት የጉዳዩ ፍሬ ያለው ከዋጋው ላይ አይደለም። የ2004ቱ ሕግ የደን አገልግሎቱ የመግቢያ ዋጋ እንዳይቀበል ይከለክላል። ተራውን የመዝናኛ ክፍያ መጠየቅ የሚችለው የተዘጋጀ ማቆሚያ፥ ቋሚ መጸዳጃ ቤት፥ የቈሻሻ ማጠራቀሚያ፥ የማስረጃ ሰሌዳ፥ የምግብ ጠረጴዛና የጥበቃ አገልግሎት በተሟሉበት ስፍራ ነው። በእነዚህ ሳይጠቀም በእግሩ የሚያልፍ ወይም ከመንገድ ዳር የሚያቆም ሰው አይከፍልም። በአሪዞና፥ ማውንት ሌሞን በተባለው ተራራ ገንዘብ የተጠየቁ መንገደኞች ተቃውመው ከሰሱ፤ በ2012 ዓ.ም. የይግባኙ ፍርድ ቤት አውቶሞቢሉን አቁሞ በእግሩ ብቻ የሚሄድን ሰው ማስከፈል ከሕጉ ጋር አይስማማም ሲል ፈረደ። ሕጉ እንዲህ ሲል የለየው ሰው ለሠራውና ማደስ ለሚያስፈልገው ነገር የሚከፈለውን፥ ተፈጥሮ ከሰጠችው ነው። መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳ ሠራተኛ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ዛፉ አይፈልግም።

ሕጉ ሌላም መልካም ነገር አለው፤ ይኸውም ከተሰበሰበው ገንዘብ በጠቅላላው ቢያንስ 80 በመቶው እዚያው በተሰበሰበበት ስፍራ እንዲሠራበት ማዘዙ ነው። ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ልብ ብለው ቢያዩት እንወዳለን፤ በአገራችንም ለጎብኚ ክፍት የሆኑ ደኖች አሉና። ገንዘቡ ወደ ሩቅ ግምጃ ቤት ገብቶ ሲቀር ከፋዩ የሰበሰበውን ዘበኛ በጥርጣሬ ይመለከተዋል፤ የታደሰ ድልድይ ሲያይ ግን ለምን እንደ ከፈለ ያውቃል።

ይሁን እንጂ ይኸው መልካም ነገር የራሱ አደጋ አለው። የሚሰበስበው ገንዘብ ለራሱ የሚቀርለት አስተዳዳሪ፥ መንገደኛው ሳይፈልገው ጠረጴዛና ሰሌዳ እየተከለ ስፍራውን ወደ ማስከፈያ ሊለውጠው ይችላል። ብዙ ሰው የሚጎርፍበት ተራራ ሲታደስ፥ ጸጥ ያለውና ጎብኚ ያነሰው ደን ሊረሳ ይችላል። አምስት ዶላር ለአንዱ የቡና ዋጋ ነው፤ ለሌላው ግን ልጆቹን ይዞ ከመሄድ የሚያስቀረው ሊሆን ይችላል። ሕጉ አዲስ የክፍያ ስፍራ ከመከፈቱ 6 ወር አስቀድሞ በፌዴራሉ መንግሥት ጋዜጣ እንዲገለጽ ያዛል። ያን ጋዜጣ ግን አምስት ዶላር የሚከብደው ሰው አያነበውም፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ከደኑ ደጃፍና ከየሰፈሩ ቤተ መጻሕፍትም ቢለጠፍ ይሻላል እንላለን።