ትኩሳቱ አምስት ቀን ካለፈው



በሰመራም ሆነ በአዋሽ የምትኖር እናት ልጅዋን ሲያተኩሰው አስቀድማ የምታስበው ወባን ነው። ትክክልም ናት፤ ወባ በአዋሽ ሸለቆ የቆየ ጠላታችን ስለሆነ የልጁ ደም ቶሎ መመርመር አለበት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሰኔ ወር ደግሞ «ፀሐይ መትቶት ነው» ብላ የምታልፍም አትጠፋም። ነገር ግን ደሙ ከወባ ነፃ ሆኖ፣ ትኩሳቱ አምስተኛውን ቀን ከያዘ ሌላ ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። ከነዚህ አንዱ የካዋሳኪ በሽታ ነው።

ጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ በ1953 ዓ.ም. አይተው፣ በ1959 ዓ.ም. የ50 ሕፃናትን ታሪክ ጽፈው አሳወቁ። በሽታው በአብዛኛው የሚይዘው ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ነው። መነሻው እስከ ዛሬ በትክክል አልታወቀም። የደም ሥሮች ይቆጣሉ፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ልብን የሚመግቡት ሥሮች መጎዳታቸው ነው።

ምልክቶቹን ልብ በሉ፦ መግል የሌለው የሁለቱም ዓይኖች መቅላት፣ የከንፈር መቅላትና መሰንጠቅ፣ የምላስ መቅላት፣ ሽፍታ፣ የእጅና የእግር ማበጥ፣ የአንገት እጢ። በጠይም ቆዳ ላይ ሽፍታው በቀላሉ ላይታይ ስለሚችል በብርሃን ተመልከቱት። በክንዱ ላይ ያለው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ጠባሳ ቢቀላ ለሐኪሙ መንገር አትርሱ። የጣቶች ጫፍ መላጥ የሚመጣው ዘግይቶ ነውና እሱን አትጠብቁ።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያሳስተው ነገር እንለፍ። በዚህ ሕመም ጊዜ የልጁ የደም ቅባት ይለዋወጣል። «መልካሙ» የሚባለው ኮሌስትሮል ይወርዳል፤ ትሪግሊሰራይድ የሚባለው ቅባት ግን ከፍ ይላል። ይህን ወረቀት ያየ ጎረቤት «ቅቤና ወተት አብዝታችሁበት ነው» ሊል ይችላል። ስሕተት ነው! ቅባቱን ያናወጠው ምግብ ሳይሆን ቁጣው ነው፤ ሰውነት ሲቆጣ ጉበት ሥራውን ይለውጣል፣ ቅባትም ከደም ቶሎ አይጠራም። ቁጣው ሲበርድ በአብዛኛው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይስተካከላል። ስለዚህ የፍየል ወይም የግመል ወተት የለመደን የታመመ ልጅ ወተቱን መከልከል ማስራብ ነው። አንዳንድ ልጆች ላይ፣ በተለይ የልብ ሥራቸው የተጎዳባቸው ላይ፣ መልካሙ ኮሌስትሮል ዝቅ እንዳለ ሊቆይ ስለሚችል ሐኪሙ ምርመራውን ይደግማል።

ዋናው ጉዳይ ጊዜ ነው። ሕክምና ካላገኙት ሕፃናት ከ100 ወደ 25 የሚሆኑት የልብ ሥራቸው ያብጣል። ትኩሳቱ በጀመረ በ10 ቀን ውስጥ ኢሚውኖግሎቡሊን የተባለው መድኃኒት በደም ሥር ከተሰጠ ግን ቁጥሩ ወደ 5 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ከሰመራ ዱብቲ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለመንገዱ የሚያልፈው ቀንም ከ10ሩ ይቆጠራል።

ስለዚህ እናቶች፣ በተለይ ልጁን ለሠራተኛ ወይም ለአያት ትታችሁ ሥራ የምትውሉ፣ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። አስፕሪንን በራሳችሁ አትስጡ። መድኃኒቱን የወሰደ ልጅ የኩፍኝ ክትባቱ ጊዜ ሊራዘም ስለሚችል ለክትባት ሠራተኛዋ ንገሩ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቀን ቆጥራችሁ ልጃችሁን አድኑ።