የመንግሥት ሠራተኛ በፍትሕ ዘርፍ ሲሾም የሥራ ዋስትናው እስከ ምን ድረስ ነው?

የአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ አገልግሎት ኃላፊ የፍትሕ ሚኒስትር ዴኤታ ሆኖ ሲሾም ነገሩን እንደ ደረጃ እድገት የሚመለከት አይጠፋም። በሕግ ዓይን ግን ሹመትና እድገት ለየቅል ናቸው። በ1999 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515ም ሆነ እርሱን የተካው የ2010 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1064 «የመንግሥት ሠራተኛ» የሚለውን ሲተረጉሙ በሚኒስትር ዴኤታ ደረጃና ከዚያ በላይ የተሾሙትን ከትርጓሜው ውጭ አድርገዋቸዋል። በመሆኑም በዲሲፕሊን ክስ ላይ መልስ የመስጠትና ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት ለሠራተኛው እንጂ ለተሿሚው የተዘረጋ ከለላ አልነበረም።

ዓቃቤ ሕግ ሲሾም ደግሞ ሁኔታው ሌላ መልክ አለው። ዓቃብያነ ሕግ በሁለቱም አዋጆች ቀድሞውኑ ከትርጓሜው ውጭ የነበሩ ሲሆን የሚተዳደሩትም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ለእኩል ኃላፊነት የተሾሙ ሁለት የሕግ ባለሙያዎች ትተውት የሚሄዱት መብት አንድ ዓይነት አይደለም።

ተሿሚው እንደ ዳኛ የሥራ ዘመን ዋስትና ይኑረው የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ለዳኛ ዋስትና የሰጠው ለዳኝነት ነፃነት ሲባል ነው። የሥራ አስፈጻሚው ሹመት ግን በአመኔታ ላይ የቆመ በመሆኑ አመኔታው ሲያበቃ ሹመቱም ያበቃል።

ክብደት ያለው ጥያቄ የቀድሞው አገልግሎት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የጡረታ ሕጉ የተለየ አቋም ይዟል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003ም ሆነ የተካው አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተሿሚዎችንም ያቅፋሉ። አሥራ አምስት ዓመት በሠራተኝነት፣ አራት ዓመት በሹመት ያገለገለ ሰው ለጡረታ የሚታሰብለት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። አንዱ ሕግ ሠራተኛ አይደለህም ያለውን ሌላው ሠራተኛ ነህ ይለዋል ማለት ነው።

ከኃላፊነት ሲነሳ የሚያገኛቸውን መብቶችና ጥቅሞች በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 653/2001 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1003/2009 ወጥተዋል። የእነዚህ ሕጎች ትኩረት ግን ስንብት እንጂ ወደ ቀድሞው የሥራ መደብ መመለስ አይደለም።

ለሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያዎች ከዚህ የሚመነጨው ሥራ ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ተቋሙ በ2008 ዓ.ም ከፍትሕ ሚኒስቴርነት ወደ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግነት፣ በ2014 ዓ.ም ደግሞ ተመልሶ ወደ ሚኒስቴርነት ተሸጋግሯል። በእነዚህ ዓመታት የተሾመ ባለሙያ የግል ማኅደር ቅጥሩ ያበቃበትንና ሹመቱ የጀመረበትን ቀን እንዲሁም የጡረታ መዋጮው አለመቋረጡን የሚያሳይ ማስረጃ ከጎደለው፣ ክፍተቱ የሚታወቀው ባለመብቱ ጡረታ በሚጠይቅበት ዕለት ነው።