ለሰርግ ሸመታ ዱባይ? እስኪ መጀመሪያ እናስላ

ዘንድሮ አርባ ምንጭ ላይ ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ቃል ለምዷል፤ ዱባይ። ድሮ "ለሰርጉ አዲስ አበባ ወርዶ መጣ" ከተባለ ሰፈሩ በሙሉ ያወራ ነበር። አሁን መርካቶ የደረሰ ሰው ምንም እንዳላደረገ ይቆጠራል። ሙሽራው ሱፉን ከየት አመጣው፣ ሚዜዎቹ ጫማቸውን የት ገዙ የሚለው ጥያቄ ከጥሎሹ እኩል ሆኗል።

ነጋዴ ዱባይ ቢመላለስ ክርክር የለኝም፤ ሥራው ነው። የማወራው እንደ እኔ በወር ደሞዝ ስለሚኖር ሰው ነው። ከፋሲካ በኋላ የሚያገባ አንድ የሥራ ባልደረባችን አለ። እሱና አምስት ጓደኞቹ ለየካቲቱ የሴሚስተር እረፍት ዱባይ ደርሰው ሊመለሱ አስበዋል። ከቁጠባና ብድር ማኅበር ሊበደሩ ፎርም ወስደዋል። ምክንያታቸው አንድ ነው፦ "ዕቃው እዚያ ርካሽ ስለሆነ ጉዞው ራሱን ይከፍላል።" እኔን ያሳሰበኝ ይቺ "ራሱን ይከፍላል" የምትለው ነገር ናት። ለእነሱ በቃል የነገርኳቸውን ለሌሎቻችሁም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እዚህ ልጻፈው።

የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁም፤ ግን መደመርና ማካፈል ይበቃናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ ዶላርን በ57 ብር ገደማ ይመነዝር ነበር። ያን ቀን ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀና የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ ለስሌት እንዲመች አንድ ዶላር 150 ብር እንበል። የኤምሬትስ ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 ታስሮ የሚኖር ገንዘብ ስለሆነ አንዱ ድርሃም 41 ብር አካባቢ ይሆናል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው የደሞዝ እርከን የዲግሪ መነሻ 11,500 ብር ነው። (እኛ የዲፕሎማ ሰዎች ራሳችንን እናውቃለን፤ እሱን እንለፈው።) ይህ ማለት ግብር ሳይቆረጥ 76 ዶላር ነው። በወር!

አሁን ጉዞውን እንየው። ዋጋው እንደ ጊዜው ስለሚለያይ ግምት ነው የምጽፈው፤ የራሳችሁን ቁጥር ተክታችሁ አስሉት። የአውሮፕላን ደርሶ መልስ 400 ዶላር እንበል። ቪዛና የወኪል ክፍያ 100። አልጋ ለሁለት ተጋርቶ፣ አራት ሌሊት በ35፣ 140። ምግብና ትራንስፖርት ለአምስት ቀን በ20፣ 100። ድምሩ 740 ዶላር። በብር 111,000። አንዲት ካልሲ ሳይገዛ የዲግሪ ጀማሪ የ10 ወር ደሞዝ ሄደ ማለት ነው። ፓስፖርት የሌለው በመደበኛው 5,000 ብር ይጨምርበት። አስቸኳይ ከሆነማ ብዙ እጥፍ ነው። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ መውጫና መመለሻውም አለ።

"እሺ፣ ግን ዕቃው ይረክሳል" ትሉኛላችሁ። ይርከስ። አዲስ አበባ 100 የሚሸጠው ዱባይ 70 ይገኛል ብለን ለጋስ እንሁን። ከእያንዳንዱ 100 ላይ 30 አተረፍን። ያንን 740 ዶላር ለማስመለስ ታዲያ ስንት መግዛት አለብን? አዲስ አበባ 2,467 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ። በብር 370,000። ለአንድ ሰው ነው! ስድስቱም ከሄዱ በስድስት አባዙት። አንድ መምህር የ370,000 ብር ልብስና ጫማ የት ያደርገዋል? ይሸጠዋል። ለመሸጥ ካመጣው ደግሞ የግል መገልገያ መሆኑ ቀርቶ የንግድ ዕቃ ነው፤ ጉምሩክም የሚያየው እንደዚያው ነው። ወጪህን ለመመለስ ነጋዴ መሆን አለብህ፣ ነጋዴ ከሆንክ ቀረጥ ትከፍላለህ፣ ቀረጥ ከከፈልክ ያ 30ው የለም። ክቡ እዚህ ላይ ይዘጋል።

ወርቅስ? እሱም እንደሚወራው አይደለም። የወርቅ ግራም ዋጋ በዓለም ገበያ የሚወሰን ነው፤ ዴራ ያለው የወርቅ ገበያ ሄደህ መከራከር የምትችለው በአሠሪ ዋጋው ላይ ነው። ለአንድ ጥንድ የጋብቻ ቀለበት ብሎ ባሕር መሻገር አያዋጣም። "ታክሱን ኤርፖርት ላይ ይመልሱልሃል" የሚለውም እውነት ነው፣ ግን ትንሽ እውነት ነው። የተጨማሪ እሴት ታክሱ 5 በመቶ ነው። የሚመለሰው ሱቁ በአሠራሩ ከተመዘገበና በአንድ ደረሰኝ ቢያንስ 250 ድርሃም ከገዛህ ነው። ከታክሱም 85 በመቶውን ብቻ ይሰጡሃል፤ ከዚያ ላይ 4.80 ድርሃም የአገልግሎት ይቆርጣሉ። የ1,000 ድርሃም ዕቃ ብትገዛ 38 ድርሃም እንኳ አይሞላም። ደሃ ሸማች ተከራክሮ የሚገዛባቸው የናይፍ ሰፈር ትንንሽ ሱቆች ደግሞ ስንቶቹ ናቸው እንዲህ ያለ ደረሰኝ የሚቆርጡት?

ዱባይን መጥላቴ አይደለም። ከተማ ማየት የፈለገ ሰው ይሂድ። በ1 ድርሃም በጀልባ ክሪኩን ይሻገር፣ በሜትሮ ይንሸራሸር፣ ድራገን ማርት ገብቶ ይጥፋ። እኛ መምህራን ካርታ ላይ ዓለምን ስናሳይ ኖረን አንድ ጊዜ ብንረግጣት ምን ነውር አለው? ግን የሽርሽር ወጪ ብሎ ይመዝግበው። ለሽርሽር ደግሞ ብድር አይወሰድም። ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ እያጠራቀምን የምናርድ ሰዎች ነን፤ ለዚህ ሲሆን ምን ነካን?

አሁን ወደ እኔ ሐሳብ። የእኛ ሰው ውጭ አገር ሲባል ዓይኑ ወደ ሰሜን ወደ ቦሌ ብቻ የሚሄደው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በኮንሶና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ መድረስ አዲስ አበባ ከመውጣት እምብዛም አይርቅም። ከሞያሌ ወዲያ እስከ ናይሮቢ አስፋልት ነው፤ ወደ 780 ኪሎ ሜትር፣ የሌሊት አውቶብስ አለው። ኬንያ ለመግባት ኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ ከ2013 ጀምሮ ስለሚሠራ መውጫና መግቢያ ማህተሙ አንድ ቦታ ያልቃል። እኔ ባለፈው ዓመት በሴሚስተር እረፍት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሄጄ አይቼዋለሁ።

የምንሄደው ኢስሊ ነው። ያ ሰፈር በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ከሶማሊያ ጦርነት በሸሹ ስደተኞች እጅ ተለወጠ። ጋሪሳ ሎጅ የሚባል ማደሪያ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ሱቅ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ገበያው ሰፈሩን ዋጠው። ዛሬ ሕንፃው ሁሉ ከምድር እስከ ጣሪያ ሱቅ ነው። ዕቃው ከየት ይመጣል? ከዱባይና ከቻይና! እኛ ዱባይ ሄደን ልናመጣ ያሰብነውን ዕቃ የኢስሊ ሰው በኮንቴይነር አምጥቶ ደጃችን አድርሶታል። አማርኛና ኦሮምኛ የሚሰማ ሻጭ ብዙ ነው። ሆኖም "በይ ጋኒ" (ዋጋው ስንት ነው) እና "ፑንጉዛ" (ቀንስ) የሚሉትን ሁለት ቃላት ይዞ መሄድ ደስ ይላል። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረውም እንደ እኛ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት እነሱም ጋ አንድ ሰዓት ነው። ይሄ ነገር በጣም አስደስቶኝ ነበር።

ሒሳቡን በዚያው ሚዛን እናስላው። ትራንስፖርት ደርሶ መልስ 100 ዶላር፣ አልጋና ምግብ ለአራት አምስት ቀን 80፣ በድምሩ 180 ዶላር እንበል። 27,000 ብር ነው። በዚያው የ30 በመቶ ልዩነት ብናስብ፣ ለማስመለስ አዲስ አበባ 600 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ይበቃል፤ 90,000 ብር። ይህም ቀላል አይደለም። የአንድ ቤት ዝርዝር ብቻውን ላይሞላው ይችላል። ልዩነቱ 30 ቀርቶ 15 ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ዕቃ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለባልደረቦቼ የነገርኳቸው ይህን ነው፦ ስድስታችሁም አትሂዱ። ሁለት ሰው ምረጡ። ስድስት ቤት ዝርዝሩን ይጻፍ፤ የእግር ቁጥር፣ የወገብ ልክ፣ ቀለም፣ ከዚህ በላይ አልከፍልም የሚለው ዋጋ። ከመሄዳችሁ በፊት የዚያኑ ዕቃ ዋጋ እዚሁ ሲቀላና ሴቻ፣ መርካቶም ያለ ሰው በስልክ ጠይቃችሁ ጎኑ ላይ ጻፉ። ኢስሊ ላይ ከዚያ ዋጋ በደንብ ያልቀነሰውን ተዉት። የሁለቱን ሰዎች የመንገድ ወጪ ስድስቱ ይካፈሉት። እንዲህ ሲሆን ለአንድ ቤት 9,000 ብር ይደርሰዋል። ይህን ያለ ብድር መሸፈን ይቻላል።

የመንገዱን ነገር ግን አቅልዬ ማለፍ አልፈልግም። ከኮንሶ ወዲያ የመንገዱ ሰላም አንዳንዴ ይለዋወጣል፤ በዚያ የሚሠሩ ሹፌሮችን ሳትጠይቁ አትነሱ። ከደቡብ ብዙ ወጣት በደላላ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው በዚሁ በሞያሌ መንገድ ስለሆነ፣ ኬንያ ውስጥ በየኬላው ኢትዮጵያዊ ፊት ሲያዩ ያስወርዳሉ። ፓስፖርት ማህተም ከሌለው መታሰር አለ። "መታወቂያ ይበቃል" የሚላችሁን አትስሙ፤ እሱ ለድንበር አካባቢ ነዋሪ እንጂ ናይሮቢ ለሚገባ አይሠራም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ዶላሩን ከባንክ በፓስፖርት ውሰዱ፤ ሞያሌ ላይ እጅ በእጅ ሲመነዝሩ የተጭበረበሩ አውቃለሁ፣ እኛንም አንዱ ሊሞክረን ነበር። ዶላር 129 ሽልንግ አካባቢ ስለሆነ የሽልንጉን ዋጋ አይታችሁ ስድስት አንድ እጁን ብትጨምሩበት ብሩን ታገኙታላችሁ። ፌስታል ደግሞ ይዛችሁ አትግቡ! ኬንያ ከነሐሴ 2009 ጀምሮ ከልክላለች፤ ሕጉ ላይ ያለው ቅጣት እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። ዕቃችሁን በጨርቅ ቦርሳ ያዙ።

ጊኮምባ የሚባለው የልባሽ ገበያ ዋጋው ያሳብዳል፣ አውቃለሁ። ጥራት ያለው ሸሚዝ በሳንቲም ነው። ግን ልባሽ ጨርቅ ወደ አገራችን ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ቦንዳ አስሮ የመጣ ሰው ያቤሎ ሳይደርስ ሊወረስበት ይችላል። አንድ ዓይነት ጫማ አሥር ጥንድ ከያዛችሁም "ለቤተሰብ ነው" ብላችሁ ማስረዳት ይከብዳችኋል። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ዕቃውን በሁለቱ ሰዎች ሻንጣ በልክ አካፍሉ፣ ሲጠየቅ አሳዩ።

አንድ ነገር ብቻ ከዝርዝሩ ይውጣልኝ፤ የሙሽሪትና የእናቶች የአበሻ ልብስ። ባለፈው አንዷ ዘመዳችን ከውጭ የመጣ "ጥበብ" ገዝታ አሳየችን። በፋብሪካ የታተመ ፖሊስተር ነው፤ ጥለቱ የእኛን ይመስላል፣ ሲነኩት ላስቲክ ነው። ከአርባ ምንጭ ዶርዜ ስንት ነው? ወደ ጨንቻ ሲወጡ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ጨንቻ ራሷ 37 ኪሎ ሜትር ናት። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ዓለም የሚገዛውን ሸማ ሲሠሩ የኖሩት የእኛው የጋሞ አጎቶችና ወንድሞች ናቸው። ለሱፍና ለጫማ መንገድ እንሂድ፣ እሺ። ለሸማ ግን ገዢ ወደ እኛ ይመጣል እንጂ እኛ ባሕር አንሻገርም። ሸማኔ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰርጉ ሚያዝያ ከሆነ ትእዛዙ አሁን በጥር መሰጠት አለበት፣ ቀብድም ይጠይቃል።

ከስድስቱ አራቱ በሐሳቤ ተስማምተዋል። ሙሽራው ራሱ ግን እስካሁን አላመነበትም። "ቲቸር፣ ናይሮቢ ብዬ ለአማቾቼ እንዴት እነግራለሁ?" ነው የሚለኝ። ሱፉ ላይ የከተማ ስም አይጻፍም ብዬዋለሁ። የብድር ፎርሙን ግን አልመለሰም፤ እስከ አርብ ጊዜ አለው። በቅርብ በዚያ መንገድ የተመላለሳችሁ ካላችሁ የሞያሌ–ናይሮቢን የአሁኑን የአውቶብስ ዋጋና የኮንሶን መንገድ ሁኔታ ከሥር ጻፉልኝ፤ አርብ ከመድረሱ በፊት ላሳየው እፈልጋለሁ።