«ማን» ማን ነው? የድምፅ መመሳሰልና የቃላት ዝምድና

ሁለት ቃላት በድምፅ ስለተመሳሰሉ ብቻ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው የሚለው ድምዳሜ በመመረቂያ ጽሑፎችም ሆነ በአደባባይ ክርክር ይዘወተራል። ይህ ጽሑፍ «ማን» የተባለውን አጭር ቃል ምሳሌ አድርጎ፣ መመሳሰል የምርምር መነሻ እንጂ ማስረጃ አለመሆኑን ይሞግታል።

የአማርኛው «ማን»፣ የግእዙ «መኑ»፣ የዐረብኛው «መን» እና የአካድኛው «መኑ» በድምፅም በፍችም ይገጥማሉ፤ ዝምድናቸው በሴማዊ ቋንቋዎች ጥናት የጸና ነው። ከዚህ ክበብ ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በፋርስኛ «መን» «እኔ» ማለት ሲሆን፣ «የእኔ» ከሚለው ከጥንታዊው ፋርስኛ «መና» የወረደ ነው። በሂንዲ «መን» ልብንና አሳብን ያመለክታል፤ ምንጩ የሳንስክሪቱ «መነስ» ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ሲሆኑ እንኳ ቃላቱ ከተለያየ ሥር ፈልቀዋል። በእንግሊዝኛ «ማን» ወንድ ወይም ሰው ነው። በዕብራይስጥ ደግሞ ለእስራኤል በምድረ በዳ የወረደው መና ነው፤ በዕብራይስጥ የተለመደው መጠይቅ «ማህ» ቢሆንም ኦሪት ዘጸአት (16፥15) ስሙን «ምንድን ነው» ከሚለው የሕዝቡ ጥያቄ ጋር ያያይዘዋል። ስምን በድምፅ መቀራረብ መፍታት፣ እንግዲህ፣ የዛሬ ልማድ አይደለም።

በአንጻሩ እውነተኛ ዘመዳሞች ላይመሳሰሉ ይችላሉ። የአማርኛው «ሦስት»፣ የዕብራይስጡ «ሻሎሽ» እና የአራማይኩ «ትላት» አንድ ምንጭ አላቸው። ማስረጃው የመነሻ ድምፃቸው ልዩነት መደጋገሙ ነው፤ «ስምንት»፣ «ሽሞኔ» እና «ትማኔ» ያንኑ ሥርዓት ይከተላሉ።

ጉዳዩ ከቋንቋ ክፍል ቅጥር ያልፋል። በአገራችን የቦታና የነገድ ስሞች በድምፅ ብቻ እየተፈቱ፣ ከፍቺው የሕዝብ መነሻና የባለቤትነት መብት ሲቀዳ ይታያል። ጥናቱ ልቅ ከሆነ ክርክሩን ያባብሳል እንጂ አያበርድም።

ስለዚህ የቃል ምንጭ የሚያቀርብ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይገባል፦ የቃሉ የቀደመ ቅርጽ ምን ነበር? የታሰበው የድምፅ ለውጥ በሌሎች ቃላትም ይታያል? ቃሉ የውሰት ከሆነ በምን መንገድ ገባ? የጽሑፍ ቅርስ በሌላቸው ቋንቋዎች የመጀመሪያውን መመለስ አዳጋች መሆኑ እሙን ነው፤ ሆኖም ዘዬዎችን ማነጻጸር ክፍተቱን በከፊል ይሞላል። ለሴማዊዎቹ ደግሞ ቮልፍ ሌስላው በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት አለ። ሦስቱን ጥያቄዎች ያልመለሰ ፍቺ እንደ ግምት እንጂ እንደ ግኝት ሊቀርብ አይገባም።