አደጋው አልጋው ላይ መሠራቱ አይደለም

ዛሬ ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው።

«ኦፕሬሽን ክፍል እንኳ ሳይወስዱት አልጋው ላይ ጉሮሮውን ሊቀዱት ነው፣ እንዳትፈርሙ!» የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ይህን የሚመክር ዘመድ አይጠፋም። ከቀብሪበያህ፣ ከቶጎ ውጫሌ፣ ከአውበሬ በሪፈር ጅግጅጋ የመጣችሁ ቤተሰቦች መደንገጣችሁ ይገባኛል። ምክሩ ግን ስህተት ነው፤ ታካሚውንም ይጎዳል።

በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ ተጎድቶ ወይም በቴታነስ ታሞ መተንፈሻ ማሽን ላይ የገባ ሰው መጀመሪያ ቱቦ የሚገባለት በአፉ ነው። ቀኑ ሲረዝም ያ ቱቦ አፉንና የድምፅ አውታሩን ይጎዳል፤ እንዳይታገለውም ማስተኛ መድኃኒት ይሰጠዋል። ትራኪዮስቶሚ ማለት ከማንቁርት በታች ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ አጭር ቱቦ ማስገባት ነው። መታረድ አይደለም። ታካሚው በራሱ መተንፈስና አክታውን ማውጣት ሲችል ቱቦው ይወጣል፣ ቀዳዳውም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል።

ታዲያ ለምን አልጋው ላይ? በማሽን የሚተነፍስን ሰው ወደ ኦፕሬሽን ክፍል መግፋት ራሱ አደጋ ስላለው ነው። መንገድ ላይ ቱቦው ሊወጣ፣ ኦክስጅኑ ሊያልቅ፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። (ይህን ፈርታችሁ «አዲስ አበባ እንውሰደው» የምትሉ ደግሞ አላችሁ፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ!) በመርፌ ገብቶ ቀዳዳውን ቀስ በቀስ የሚያሰፋው ዘዴ በፈረንጆቹ 1985 ከታተመ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ አልጋ ላይ ይሠራል። በአዋቂዎች ላይ ከኦፕሬሽኑ ጋር ሲነጻጸር ሞትን እንደሚጨምር አልታየም፤ የቁስል ኢንፌክሽን እንዲያውም ያነሰ ነው።

ጉዳት የለውም አላልኩም። ሊደማ ይችላል፣ አየር ወደ ደረት ሊያፈተልክ ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከተሠራ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። አክታ ደርቆ ቱቦውን ይደፍነዋል፤ በተለይ እንደ ጅግጅጋ በጋ ባለ ደረቅ አየር ቱቦው እርጥበት ካላገኘ። በመጀመሪያዎቹ 7 እስከ 10 ቀናት ቀዳዳው ገና አልጠናም፤ ቱቦው ድንገት ከወጣ መልሶ ለማስገባት ይከብዳል። አስታማሚ በፍጹም በእጁ እንዳይገፋው፤ ነርስ ይጥራ።

ስለዚህ ቁጣችሁን ቦታው ላይ አውሉት። የሚሠራው ማነው? ደሙ የሚረጋ መሆኑ ታይቷል? አክታ መምጠጫው፣ መለዋወጫ ቱቦው አልጋው አጠገብ አለ? ሌሊትስ የሚያውቅ ባለሙያ ይኖራል? ሶማሊኛ ብቻ የሚናገሩ እናትና አባትን ያልገባቸውን ወረቀት ማስፈረም ፈቃድ መቀበል አይደለም። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ይገባችኋል።

«አሁኑኑ ካልፈረማችሁ ይሞታል» የምትሉ የሙያ ባልደረቦቼም ተዉ። አየር መንገዱ በድንገት ሲዘጋ ሌላ ነገር ነው። በአፍ ቱቦው በደንብ ለሚተነፍስ ሰው ግን በእንግሊዝ ከ900 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2013 የታተመው ትራክማን የተባለው ጥናት በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት መሥራትና ከ10 ቀን በኋላ መሥራት በ30 ቀን ውስጥ በሚከሰት ሞት ላይ ልዩነት እንደሌላቸው አሳይቷል። ለቤተሰብ ጠይቆ የሚያስብበት አንድ ቀን መስጠት ይቻላል። ሳምንታት እየቆጠሩ አጎት ከድንበር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ለወላጆች፦ እስካሁን ያልኩት ስለ አዋቂዎች ነው። የትንሽ ልጅ የአየር ቧንቧ ጠባብና ለስላሳ ስለሆነ በመርፌ የሚሠራው ዘዴ በአብዛኛው አይመከርም፤ የተለመደው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ መሥራት ነው። ታካሚው ልጃችሁ ከሆነና አልጋው ላይ እንሠራለን ከተባላችሁ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።