ጥሪት በቡና፣ አክሲዮንም በቡና

በጎሬ፣ በመቱና በዙሪያቸው ባሉ የኢሉባቦር ከተሞች ጥቂት ጥሪት ቋጥሮ አክሲዮን የሚገዛ ሰው፣ መምህርም ይሁን ባለሱቅ ወይም የቡና አቅራቢ፣ ኑሮው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከቡና ጋር የተሳሰረ ነው። አክሲዮን የአንድ ኩባንያ ካፒታል ተከፋፍሎ የተሸጠ ድርሻ ሲሆን፣ ገዢው እንደ ባንክ አስቀማጭ ገንዘቡን በፈለገ ጊዜ መልሶ የመጠየቅ መብት የለውም፤ ኩባንያው ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻውን ይቀበላል፣ መውጣት ሲፈልግ ደግሞ ሌላ ገዢ መፈለግ አለበት። አነስተኛ ባለሀብት ሥጋትን ሲመዝን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ኩባንያው የእነማን እንደሆነና አምና ስንት እንደከፈለ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ቢሆኑም ከሁሉ የከበደውን ሥጋት፣ ማለትም አክሲዮኑ የሚወድቀው ገዢው ራሱ በሚቸገርበት ዓመት መሆን አለመሆኑን፣ ሳይነኩ ያልፉታል።

የትርፍ ድርሻው ራሱ በጥንቃቄ ካልተሰላ ያሳስታል። አንድ ባንክ 20 በመቶ ከፈለ ሲባል ስሌቱ አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው፤ ስለዚህ የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ብር የሆነውን አክሲዮን በ1,200 ብር ለገዛ ሰው 200 ብር ይደርሰውና የግብሩ ልክ 10 በመቶ ቢሆን እጁ የሚገባው 180 ብር ይሆናል፣ ይህም ካወጣው ገንዘብ 15 በመቶ ነው። ይህን ከዋጋ ንረቱ ጋር ሳያስተያይ አተረፍኩ የሚል ገዢ በእርግጥ ማትረፉን አያውቅም። ብሔራዊ ባንክም ባንኮች ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያሳድጉ ቀነ ገደብ ስለሰጠ፣ የትርፍ ድርሻን መልሶ አክሲዮን መግዣ ማድረግ ተለምዷል፤ ያኔ ተከፈለ የተባለው ትርፍ እጅ ሳይገባ እዚያው ባንክ ውስጥ ይቀራል።

የሚያውቁት ሰው ያለበትን ኩባንያ መምረጥ እንደ አላዋቂነት መታየት የለበትም፤ የኦዲት ሪፖርት በቀላሉ በማይገኝበት አገር የመሥራቾቹን ስምና ምግባር ማወቅ ትልቅ መረጃ ነው። ችግሩ የሚያውቁት ሁሉ አብሮ የሚወድቅ መሆኑ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የቡና ፍሬ በሽታ እንዳሳየው፣ ቡና በአንድ ወቅት ሰፊ አካባቢን ሊያራቁት የሚችል ሰብል ነው። ለቡና አቅራቢዎችና ላኪዎች አብዝቶ ያበደረ ባንክ ገበያው ሲበላሽ ብድሩ ይንጠለጠላል፣ የትርፍ ድርሻው ይቀንሳል፣ አክሲዮኑም ገዢ ያጣል፤ የጎሬው ባለአክሲዮን ጀንፈሉ፣ ማለትም ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡናው፣ በረከሰበት በዚያው ዓመት ያጠራቀመውንም መጠቀም ያቅተዋል። በትግራይ ብዙ ቅርንጫፎች የነበሯቸው ባንኮች በጦርነቱ ዘመን የደረሰባቸው ጉዳትም፣ ሥራን በአንድ አካባቢ ማከማቸት ምን እንደሚያስከፍል በግልጽ አሳይቷል።

ሌላው ሥጋት ሀብትን በተፈለገ ጊዜ ወደ ጥሬ ገንዘብ መለወጥ አለመቻል ሲሆን፣ ጎሬ ይህን ከገዛ ታሪኳ ታውቀዋለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት የአካባቢው ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ይወርድና በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር፤ ወንዙ መርከብ የሚያስኬደው በክረምት ብቻ በመሆኑ፣ በበጋ የተሰበሰበው ቡና ውኃው እስኪሞላ ወራት ይጠብቃል፣ የነጋዴውም ገንዘብ አብሮት ታስሮ ይከርማል። ቡናው ዋጋ ነበረው፤ በተፈለገው ቀን የሚሸጥበት መንገድ ግን አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የመኪና መንገድ ንግዱን ሲስብ የባሮ መስመር ተዳከመ፣ በእሱ ላይ የቆመችው ጎሬም አብራ ደበዘዘች፤ የኢሉባቦር ዋና ከተማነትም ወደ መቱ ተዛወረ።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ፣ ማለትም አክሲዮንና መሰል ሰነዶች በይፋ የሚገበያዩበት ተቋም፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. መከፈቱ ይህን የመውጫ ችግር ለማቃለል የተወሰደ ትልቅ እርምጃ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችንና ፋብሪካዎችን ከወረሰ በኋላ አገሪቱ ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል እንዲህ ያለ ገበያ አልነበራትም። ሆኖም መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ፣ ተከትሎትም የመጣው ገዳ ባንክ ነውና፣ ከአንድ ባንክ ወጥቶ ሌላ ባንክ መግዛት ሥጋትን የመበተን ያህል አይቆጠርም። ከዚህ አንጻር የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ የተለየ ዕድል ነበር። ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አንዱ አክሲዮን በ300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ሆኖ በቴሌብር በመቅረቡ 9,900 ብር ያለው የጎሬ ነዋሪ ገቢው ከመላ አገሪቱ ከሚሰበሰብ ድርጅት መግዛት ይችል ነበር። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ነው። ገዢው ያመነታው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መንግሥት አብላጫውን ድርሻ ይዞ በሚቆይበት ድርጅት የአነስተኛ ባለአክሲዮን ድምፅ ምን ያህል እንደሚሰማና አክሲዮኑን መልሶ መሸጥ የሚቻለው መቼ እንደሆነ መጠየቅ የጥንቃቄ ምልክት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን፣ አክሲዮን የሚሸጡ ባንኮች ብድራቸው በዘርፍና በአካባቢ እንዴት እንደተከፋፈለ በመግለጫ ሰነዳቸው ፊተኛ ገጽ ላይ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንዲጽፉ ሊያስገድድ ይገባል። ከመቶው ብድር ስንቱ ለቡና እንደተሰጠ የሚናገር አንድ መስመር፣ ለጎሬ ገዢ ከትርፍ ማስታወቂያው ይልቅ ይጠቅመዋል።